ስሙን ያላስመዘገበ አንባቢ፦ የውክፔዲያ የመዘዋወሪያ መሣሪያዎች ለውጥና የእንግዳ ጎብኚ መብት

የድረ ገጽ ጎብኚዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን አካውንት ከፍቶ፣ የይለፍ ቃሉን አስገብቶና ማንነቱን አሳውቆ የሚገባ ሲሆን፣ ሁለተኛው ወገን ስሙን ለማንም ሳይናገር መጥቶ፣ የፈለገውን አንብቦ የሚሄድ ነው። በዕውቀትና በመረጃ ድረ ገጾች ላይ ከፍተኛውን ቁጥር የሚይዘው ይህ ሁለተኛው ወገን ቢሆንም፣ የንድፍ አውጪዎች ትኩረት፣ የአዳዲስ አገልግሎቶች ቀዳሚ ተጠቃሚነትና የግል መረጃ ጥበቃ ለረጅም ጊዜ ወደ መጀመሪያው ወገን ሲያደሉ ኖረዋል። ከ2020 እስከ 2025 በውክፔዲያ ላይ የተካሄደው ለውጥ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን አድልዎ ቀስ በቀስ ያስተካከለ በመሆኑ ሰፊ ምርመራ ይገባዋል።

የለውጡ ዋና ትምህርት በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ ጎብኚው ሳይታወቅ ሊሰጡ አይችሉም ተብለው ለዓመታት ከተከለከሉት አገልግሎቶች ብዙዎቹ ማንነትን መጠየቅ የማያስፈልጋቸው ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህም አንድ ድረ ገጽ ለአንባቢው ያለው አክብሮት የሚለካው ለተመዘገበ አባል በሚያቀርበው ሳይሆን ለማያውቀው ሰው በሚሰጠው ነው፤ ስምና የይለፍ ቃል መጠየቅ ያለባቸውም ሥራው ያለ እነርሱ በእርግጥ የማይሠራ ሲሆን ብቻ ነው።

መሣሪያዎቹና የተከለከሉባቸው ምክንያቶች

የመዘዋወሪያ መሣሪያ ሲባል ጎብኚው በድረ ገጹ ውስጥ የት እንዳለ እንዲያውቅ፣ ወደሚፈልገው ርዕስ እንዲደርስና ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እንዲሻገር የሚረዳው ነገር ሁሉ ነው። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር ጃንዋሪ 15 ቀን 2001 በመሠረቱት ውክፔዲያ ላይ የእነዚህ መሣሪያዎች ዝርዝር ሰፊ ነው፤ መፈለጊያ ሳጥኑን፣ የመጣጥፉን ንዑስ ርዕሶች የሚዘረዝረውን ማውጫ፣ ተመሳሳይ ርዕሶችን በአንድ የሚያሰባስቡትን መደቦች፣ የቋንቋ መምረጫውንና ያልታሰበ መጣጥፍ የሚያወጣውን ማስፈንጠሪያ ያካትታል። ከእነዚህ በተጨማሪ በቅርቡ የተደረጉ ለውጦችን የሚያሳየው ገጽ፣ ወደ አንድ መጣጥፍ የሚያመሩ ሌሎች ገጾችን የሚዘረዝረው መሣሪያ፣ የእያንዳንዱ መጣጥፍ የለውጥ ታሪክና አንድን ቅጂ እንዳለ የሚያቆየው ቋሚ አድራሻ አሉ። ተማሪው ለጥናት ጽሑፉ ምንጭ የሚጠቅስበት መሣሪያና ገጹን በፒዲኤፍ ማውረጃውም እንዲሁ ለማንም ክፍት ናቸው። እነዚህን ሁሉ ለመጠቀም መመዝገብ አያስፈልግም።

የተመዘገቡ አባላት ብቻ የሚያገኟቸው አገልግሎቶች ደግሞ የመረጧቸውን ገጾች የሚከታተሉበት ዝርዝር፣ ሰፊው የምርጫ ማስተካከያ ገጽ፣ መጣጥፍን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ለመተርጎም የሚረዳው መሣሪያና በምስል ማከማቻው በዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ፎቶግራፍ የመጫን ዕድል ናቸው። እነዚህ የተዘጉባቸው ምክንያቶች በሦስት ሊመደቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ አገልግሎቱ ከአንድ ሰው ጋር ተያይዞ ለረጅም ጊዜ የሚቆይና ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው የሚከተለው ማስታወሻ የሚፈልግ ሲሆን ነው። ሁለተኛው፣ ሥራው ተጠያቂነትን የሚጠይቅ፣ ማለትም የቅጂ መብት ጥሰት ወይም ስም ማጥፋት ቢከሰት ከሥራው ባለቤት ጋር መነጋገር የሚያስፈልግ ሲሆን ነው። ሦስተኛው ግን ልማድ ወይም የቴክኒክ ወጪ ብቻ ነው፤ ለክርክር የሚዳርገውም ይህ ሦስተኛው ምድብ ነው።

ልዩነቱን ለማየት የክትትል ዝርዝሩን መመርመር ይበቃል። አንድን መጣጥፍ መከታተል የግድ ማንነትን የሚጠይቅ ተግባር ይመስላል፤ ሆኖም የውክፔዲያ ሶፍትዌር የሆነው ሚዲያዊኪ ለእያንዳንዱ መጣጥፍ የለውጥ ታሪክ አቶም በተባለው ቅርጸት የሚሰራጭ መጋቢ (ፊድ) ያዘጋጃል። ይህ መጋቢ ገጹ በተለወጠ ቁጥር አዲሱን ለውጥ ለመከታተያ ፕሮግራሞች የሚያቀርብ በመሆኑ፣ ማንኛውም ሰው ስሙን ለድረ ገጹ ሳይሰጥ የወደደውን ገጽ ሊከታተል ይችላል። መሣሪያው ከአባላት ዝርዝር ያነሰ ምቾት ያለው ቢሆንም፣ ማስታወስ ያለበት ድረ ገጹ ሳይሆን የጎብኚው የራሱ መሣሪያ እንዲሆን ማድረግ እንደሚቻል ያረጋግጣል። ቀጥሎ የሚታየው የዓመታት ለውጥም በአመዛኙ የዚሁ ሐሳብ መስፋፋት ነው።

የ2023ቱ አዲስ ገጽታ

ከ2010 ጀምሮ የውክፔዲያ የኮምፒውተር ገጽታ ቬክተር የተባለው ንድፍ ነበር። በዚህ ንድፍ የማስፈንጠሪያዎቹ ዝርዝር በግራ በኩል ተደርድሮ ይቆማል፤ የንዑስ ርዕሶች ማውጫ በመጣጥፉ መግቢያ ሥር ስለሚቀመጥ አንባቢው ወደ ታች በወረደ ጊዜ ከዓይኑ ይጠፋል፤ የሌሎች ቋንቋዎች ዝርዝርም በግራው ዓምድ ከታች ተደብቆ ይገኛል። ውክፔዲያን የሚያስተዳድረው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን በ2020 ፈረንሳይኛን፣ ዕብራይስጥን፣ ፋርስኛንና ባስክን ጨምሮ በጥቂት ቋንቋዎች መሞከር የጀመረውና ጃንዋሪ 18 ቀን 2023 በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ሥራ ላይ የዋለው ቬክተር 2022 ይህን አደረጃጀት ከመሠረቱ ለወጠው። የንዑስ ርዕሶች ማውጫው ከአንባቢው ጋር አብሮ የሚወርድ ሆነ፤ የቋንቋ መምረጫው ወደ መጣጥፉ ርዕስ ጎን ወጣ፤ መፈለጊያ ሳጥኑ ከርዕስ በተጨማሪ ምስልና አጭር መግለጫ ማሳየት ጀመረ፤ የመስመሮቹ ርዝመትም ለንባብ እንዲያመች ተገደበ።

ፋውንዴሽኑ በሙከራዎቹ የመፈለጊያ ሳጥኑ አጠቃቀም በ30 በመቶ መጨመሩንና ገጽን ወደ ላይና ወደ ታች ማንሸራተት በ15 በመቶ መቀነሱን አስታውቋል። ቁጥሮቹ አንባቢው የሚፈልገውን በአነስተኛ ድካም እንዳገኘ ያመለክታሉ እንጂ ያነበበውን የበለጠ እንደተረዳ አያረጋግጡም፤ ቢሆንም የመዘዋወሪያ መሣሪያ ተግባር ማድረስ በመሆኑ በዚህ መለኪያ መመዘናቸው ተገቢ ነው።

በለውጡ ዙሪያ የተነሳው ክርክር ግን ከቁጥሮቹ ይልቅ ብዙ ያስተምራል። የተመዘገቡ አርታዒያን ወደ ቀድሞው ገጽታ የሚመልሳቸው ምርጫ በእጃቸው ስለነበር፣ አዲሱን ያልወደደ አባል በደቂቃ ውስጥ ወደ ለመደው ይመለስ ነበር፤ ያልገባ ጎብኚ ግን የተሰጠውን ከመቀበል በቀር አማራጭ አልነበረውም። የተገደበው የመስመር ስፋት ያልተስማማው ሰው ገጹን የሚያሰፋበት ምልክት ቢቀመጥለትም፣ በመጀመሪያ ምርጫው ወደ ሌላ ገጽ ሲያልፍ ይጠፋበት ነበር። ገጽታው ይቀጥል ወይስ ይነሳ በሚል በተካሄደው የማኅበረሰቡ ውይይትም ድምፅ የሚሰጡት በአብዛኛው አካውንት ያላቸው ሰዎች ስለነበሩ፣ በውሳኔው ይበልጥ የሚነኩት አንባቢዎች የሚወከሉት በአመዛኙ በሙከራ ቁጥሮችና በመጠይቆች ነበር። በማንኛውም ተቋም እንደሚታየው፣ ድምፅ የሌለው ብዙኃን ፍላጎት ድምፅ ባለው ጥቂት ሰው ፍላጎት የመዋጥ አደጋ አለበት፤ የውክፔዲያ ንድፍ አውጪዎች ይህን አደጋ በልኬት ለማካካስ መሞከራቸው ሊመሰገን ይገባል።

እንግዳው ለምን ዘገየበት?

ያልገባ ጎብኚ ምርጫዎቹን እንዳያስቀምጥ የተደረገው በንቀት አልነበረም፤ ምክንያቱ የድረ ገጹ የአሠራር ኢኮኖሚ ነው። የውክፔዲያ ዋና ዋና ሰርቨሮች የሚገኙት በአሜሪካ በቨርጂኒያና በቴክሳስ ሲሆን፣ ከእነርሱ ሌላ በአምስተርዳም፣ በማርሴይ፣ በሲንጋፖር፣ በሳን ፍራንሲስኮና በሳኦ ፓውሎ የመሸጎጫ ማዕከላት አሉ። መሸጎጫ፣ በባለሙያዎች አነጋገር ካሽ፣ አንድ ጊዜ የተዘጋጀ ገጽን ቅጂ ይዞ ለሚቀጥለው ጠያቂ ያንኑ የሚሰጥ ጊዜያዊ ማከማቻ ነው። ያልገባ ጎብኚ ገጽ ሲጠይቅ በቅርቡ ካለው መሸጎጫ የተዘጋጀው ቅጂ ወዲያው ይደርሰዋል፤ የተመዘገበው አባል ጥያቄ ግን ስሙን፣ ማሳወቂያዎቹንና ምርጫዎቹን የያዘ ገጽ ለብቻው እንዲሠራለት ወደ ዋናዎቹ ሰርቨሮች ይጓዛል።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት አስተዋይነትን ይጠይቃል። እንግዳው ገጹን በፍጥነትና በአነስተኛ ወጪ የሚያገኘው ገጹ ለሁሉም አንድ ዓይነት በመሆኑ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጎብኚ የተለየ የፊደል መጠን፣ ስፋት ወይም ቀለም ቢዘጋጅ ግን የመሸጎጫው ጥቅም ይቀንሳል፣ በበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚተዳደረው ድርጅት ወጪም ይንራል። ስለዚህ ነው ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የግል ምርጫ የአባላት ብቻ ሆኖ የቆየው።

መፍትሔው የተገኘው ምርጫውን ከሰርቨሩ ወደ ማሰሻው በማውረድ ነው። ማሰሻ ድረ ገጾችን ለማየት የሚያገለግለው ፕሮግራም ሲሆን፣ በአዲሱ አሠራር ሰርቨሩ ለሁሉም ያንኑ ቅጂ ይልካል፤ ከገጹ ጋር የሚመጣ አነስተኛ ፕሮግራም ደግሞ በጎብኚው መሣሪያ ላይ የተቀመጠውን ምርጫ አንብቦ ገጹ ከመታየቱ በፊት መልኩን ያስተካክላል። በዚህ መንገድ በ2024 የፊደል መጠንን፣ የገጽ ስፋትንና ለዓይን የሚቀለውን ጨለማ ገጽታ የሚያስመርጥ ማውጫ አካውንት ለሌላቸው አንባቢዎች ተከፈተ። ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን፣ የዕይታ ችግር ያለባቸው ሰዎችና በምሽት በስልክ የሚያነቡ ተማሪዎች ከዚያ ወዲህ የሚመቻቸውን ገጽታ ለማግኘት ስማቸውን ማስመዝገብ አላስፈለጋቸውም።

ለረጅም ጊዜ ሳይፈታ የቆየው ችግርም የዚሁ አሠራር ውጤት ነው። በብዙ ቋንቋዎች የሚያገለግለው ዊኪሚዲያ ኮመንስ የማውጫዎቹ ትርጉም በአማርኛ ያለው ቢሆንም፣ ያልገባ ጎብኚ የገጹን ቋንቋ በቋሚነት መምረጥ ስላልቻለ ከገጽ ወደ ገጽ በተሻገረ ቁጥር እንግሊዝኛው ይመለስበት ነበር። ፊደል ማሳደግ በማሰሻው ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ሲሆን የገጹን ቃላት መለወጥ ግን የተለየ ቅጂ ማዘጋጀትን ስለሚጠይቅ፣ ይህ ገደብ ከሌሎቹ ይልቅ ለመስበር አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። ጉዳቱ የደረሰው ግን በእንግሊዝኛ በሚያነብ ሰው ላይ አይደለም፤ በራሱ ቋንቋ ብቻ መዘዋወር በሚችለው አንባቢ ላይ ነው።

ቅድሚያ ለአባል፣ ቀጥሎ ለእንግዳ

የገጽታ ምርጫው ታሪክ ብቻውን የቆመ አይደለም። የጎብኚውንና የድረ ገጹን ግንኙነት በምስጢር የሚያስተላልፈው ኤችቲቲፒኤስ በነሐሴ 2013 ሥራ ላይ የዋለው ለገቡ አባላት ሲሆን፣ ለሁሉም አንባቢዎች የተዳረሰው በሰኔ 2015 ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል አካውንት ያለው ሰው ምን እንደሚያነብ ከኔትወርኩ ተቆጣጣሪ ሲሰወር፣ ያልገባው አንባቢ የከፈተው እያንዳንዱ ርዕስ ለሚከታተለው አካል የሚታይ ነበር። በማስፈንጠሪያ ላይ የመጠቆሚያውን ቀስት ሲያሳርፉ የቀጣዩን መጣጥፍ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮችና ምስል የሚያሳየው የገጽ ቅድመ እይታም ለዓመታት የአባላት ሙከራ ሆኖ ከቆየ በኋላ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ለጠቅላላው አንባቢ የተከፈተው በሚያዝያ 2018 ነው።

አዲስ ነገርን በፈቃደኛ አባላት ላይ መሞከር ምክንያታዊ ነው፤ አባላት ስሕተት ሲያገኙ ይናገራሉ፣ የማይወዱትንም ያጠፋሉ። ነገር ግን ሙከራና ጥበቃ አንድ አይደሉም። አንባቢን ከሰላዮች ዓይን የሚጋርድ መሣሪያ ወይም የዕይታ ችግር ላለበት ሰው ንባብን የሚያስችል ገጽታ እንደ ተጨማሪ ምቾት ተቆጥሮ በተራ የሚታደል አይደለም። ስሙን ያልሰጠው ጎብኚ ከአባሉ ያነሰ ጥበቃ እንዲያገኝ የሚያደርግ ቅደም ተከተል፣ ምንም ያህል ለቴክኒክ ሥራ ቢመች፣ ሰውን ለጥንቃቄው የሚቀጣ ይሆናል።

አይፒ አድራሻ፦ ስም አልባው ይበልጥ የተጋለጠበት ዘመን

የዚህ ቅደም ተከተል ጉድለት በግልጽ የታየው በማረም መብት ላይ ነው። ውክፔዲያ አካውንት የሌለው ሰው መጣጥፍ እንዲያርም ከመነሻው ፈቅዷል፤ ሆኖም የአርትዖቱ ባለቤት ሆኖ ለዓለም የሚታየው የሰውየው አይፒ አድራሻ ነበር። አይፒ አድራሻ አንድ መሣሪያ ወይም ኔትወርክ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝበት ቁጥር ሲሆን፣ የአገልግሎት ሰጪውን ድርጅትና ግምታዊ አካባቢውን፣ አንዳንዴም የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት ያመለክታል። በዚህም የተነሳ በብዕር ስም የተመዘገበው አርታዒ አድራሻው ሲሰወርለት፣ ምንም ስም ያልሰጠው ሰው ግን አሻራው በለውጥ ታሪኩ ገጽ ላይ ለዘለቄታው ይቀር ነበር። ቨርጂል ግሪፊዝ በ2007 ያወጣው ዊኪስካነር የተባለ መሣሪያ ስም አልባ አርትዖቶችን ከኩባንያዎችና ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አድራሻ ጋር በማዛመዱ፣ ድርጅቶች ስለራሳቸው የተጻፈውን ሲያሳምሩ ተጋልጠዋል። ግልጽነቱ ለሕዝብ የጠቀመ ቢሆንም፣ ያው መስኮት በአምባገነን ሥርዓት ሥር ለሚኖር አርታዒም ተከፍቶ ነበር።

አድራሻው ሰውን በትክክል አለመወከሉ ሁለተኛው ችግር ነው። በ2006 እና በ2007 መባቻ ላይ አንድ አይፒ አድራሻ በአጥፊነት ምክንያት ከማረም ሲታገድ፣ አድራሻው የኳታር የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች በሙሉ የሚያልፉበት የጋራ መውጫ ሆኖ ተገኘ፤ እገዳውም እስኪነሳ ድረስ በዚያ በኩል የሚመጣውን ስም አልባ አርታዒ ሁሉ አገደ። ዛሬም የሞባይል ኔትወርኮች ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ስለሚያስተናግዱ፣ በአፍሪካ የሚገኙ አዳዲስ አርታዒያን ባላጠፉት ጥፋት የመታገድ ችግር ደጋግሞ ይገጥማቸዋል። አካውንት ለሌለው ሰው በገጹ ጫፍ በሦስት ነጥቦች ሥር የተቀመጠው ማውጫ «አስተዋጽኦ» እና «ውይይት» ወደተባሉ ገጾች ሲመራው፣ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ የማያውቃቸው ሰዎች ያረሙትንና ለእነርሱ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ነበር።

የመፍትሔ ሙከራዎቹ በሁለት አቅጣጫ ሄደዋል። አንደኛው በር መዝጋት ነው። ጋዜጠኛው ጆን ሲገንታለር በኬኔዲ ግድያ ውስጥ እጁ እንዳለበት የሚያስመስል የሐሰት የሕይወት ታሪክ በስም አልባ ሰው ተጽፎበት ለወራት ሳይታረም መቆየቱን በኅዳር 2005 ይፋ ካደረገ በኋላ፣ የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ አካውንት የሌላቸው ሰዎች አዲስ መጣጥፍ እንዳይፈጥሩ ከለከለ። የፖርቱጋልኛው ውክፔዲያ ደግሞ በጥቅምት 2020 መጣጥፎችን ማረምን ጭምር ለተመዘገቡ ብቻ አደረገው። የእነዚህ ማኅበረሰቦች ሥጋት እውነተኛ ነው፤ ጥፋትን የሚያጸዱት ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ነገር ግን የኮምፒውተር ባለሙያው አሮን ስዋርትዝ በ2006 እንደተከራከረው፣ የአርትዖቱ ብዛት በጥቂት ታታሪ አባላት እጅ ቢሆንም የመጣጥፎቹን ፍሬ ነገር የሚያመጡት ብዙ ጊዜ አልፎ አልፎ የሚመጡ ሰዎች ከሆኑ፣ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ በር ከጥፋቱ ጋር ዕውቀቱንም ያስቀራል።

ሁለተኛው አቅጣጫ ጊዜያዊ አካውንት የተባለው ነው። በ2019 የተጀመረው ይህ ሥራ በ2024 መጨረሻ ሮማንኛንና ኖርዌይኛን ጨምሮ በጥቂት ውክፔዲያዎች ተሞክሮ በኅዳር 2025 ወደ እንግሊዝኛው ደርሷል። አካውንት የሌለው ሰው የመጀመሪያ አርትዖቱን ሲያስቀምጥ፣ ዓመተ ምሕረትንና ተከታታይ ቁጥሮችን የያዘ ስም በራሱ ይሰጠዋል፤ ይህን ስም በማሰሻው ላይ የሚያስታውሰው ኩኪ፣ ማለትም ድረ ገጹ በጎብኚው መሣሪያ ላይ የሚያኖረው አነስተኛ ማስታወሻ፣ ለ90 ቀናት ይቆያል። አይፒ አድራሻው ለሕዝብ አይታይም፤ አጥፊን ለመከላከል የተፈቀደላቸው ሰዎች ብቻ ለተወሰነ ጊዜ ያዩታል። በዚህ መንገድ «አስተዋጽኦ» እና «ውይይት» የተባሉት ማስፈንጠሪያዎች የአንድ ማሰሻ ባለቤት የሆነን ሰው በእርግጥ ማገልገል ቻሉ፤ መልእክት የተጻፈለት ሰው መልእክቱን ያያል፣ ጎረቤቱ ባጠፋው አይወቀስም። ተጠያቂነትና ምስጢር መጠበቅ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

በተቃራኒው አቅጣጫ

ውክፔዲያ ለእንግዳው ሲከፍት ሌሎች መድረኮች ዘግተዋል። ትዊተር ጁን 30 ቀን 2023 አካውንት የሌለው ሰው ምንም ጽሑፍ እንዳያይ ሲያደርግ፣ ባለቤቱ ኢሎን መስክ እርምጃው መረጃ በጅምላ የሚሰበስቡ ፕሮግራሞችን ለመከላከል የተወሰደ ጊዜያዊ መፍትሔ መሆኑን ገልጾ ነበር። ነጠላ ጽሑፎች ከቀናት በኋላ ዳግም ቢታዩም፣ ያልገባው ጎብኚ የአንድን ሰው ጽሑፎች በጊዜ ቅደም ተከተላቸው መመልከትና የተሰጡትን ምላሾች መከታተል አልቻለም። ይዘቱ በከፊል ክፍት ሆኖ መዘዋወሪያው ሲወሰድ ጎብኚው የሚያገኘው ዐውድ የሌለው ቁራጭ ነው፤ መንግሥታዊ ተቋማትና የዜና ድርጅቶች አስቸኳይ ማስታወቂያ በእንዲህ ያለ መድረክ ብቻ ሲያወጡ ደግሞ ዜጋው የሕዝብ መረጃ ለማግኘት የግል ኩባንያ ደንበኛ እንዲሆን ይገደዳል።

የጅምላ ሰብሳቢዎቹ ሥጋት ግን ሰበብ ብቻ አይደለም። የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን በሚያዝያ 2025 እንዳስታወቀው፣ የምስልና የቪዲዮ ፋይሎችን ለማውረድ የሚውለው የኔትወርክ አቅም ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ በ50 በመቶ አድጓል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለማሠልጠን ጽሑፍ የሚለቅሙትን ጨምሮ ሮቦቶች ከገጽ እይታው 35 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲይዙ ከፍተኛ ወጪ ከሚያስከትለው ትራፊክ 65 በመቶውን ያመጡ ነበር፤ ምክንያቱም የሰው አንባቢ በብዛት የሚፈለጉትንና መሸጎጫ ውስጥ ያሉትን ገጾች ሲከፍት፣ ሮቦቶቹ ማንም የማያነባቸውን ሳይቀር አንድ በአንድ ስለሚጠይቁ ጥያቄያቸው ወደ ዋናዎቹ ሰርቨሮች ይዘልቃል። በዚያው ዓመት በጥቅምት የሰው አንባቢዎች እይታ ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ሲነጻጸር በ8 በመቶ ገደማ መቀነሱ ተገልጿል፤ በሰው ስም ይቆጠር የነበረ ትራፊክም ከፊሉ የሮቦት ሆኖ ተገኝቷል።

የዘመኑ ከባድ ፈተና ይህ ነው፦ ስም አልባው አንባቢና ስም አልባው ማሽን ከሰርቨሩ አንጻር ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ለማሽኑ የተሠራ አጥር አንባቢውንም ያግዳል፤ ለአንባቢው የተከፈተ በር ማሽኑንም ያስገባል። ሁሉንም ሰው በግዴታ ማስመዝገብ ቀላሉ መልስ ሲሆን ፍትሐዊው መልስ ግን አይደለም፤ የጥያቄዎችን ብዛትና ፍጥነት መመጠን፣ ጅምላ ተጠቃሚዎች በሚከፈልበት የተለየ መስመር እንዲስተናገዱ ማድረግና አንባቢን በነጻ መተው የሚያደክም፣ ነገር ግን የሚገባ መንገድ ነው።

ለአማርኛ አንባቢና ለአማርኛ ድረ ገጽ ባለቤት

የአማርኛው ውክፔዲያ 15 ሺህ ገደማ መጣጥፎች ብቻ ያሉት በመሆኑ፣ የመዘዋወሪያ መሣሪያ ጥራት ለእርሱ ከትልልቆቹ የበለጠ ወሳኝ ነው። ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ወደ መጣጥፎቹ የሚደርሱት በእንግሊዝኛ የጀመሩትን ንባብ ወደ አማርኛ በመሻገር ሊሆን ስለሚችል፣ የቋንቋ መምረጫው ከዓምዱ ግርጌ ወደ ርዕሱ ጎን መውጣቱ ትርጉም ያለው ለውጥ ነው። መምረጫው ለጎብኚው ቋንቋ የሚጠቁመው በማሰሻው ቋንቋ፣ ከዚህ ቀደም በመረጣቸው ቋንቋዎችና ባለበት አገር ላይ ተመሥርቶ በመሆኑ፣ አዲስ አበባ ያለ አንባቢና ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ አንባቢ እኩል ጥቆማ ላያገኙ ይችላሉ። በውጭ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ማሰሻው በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ከሆነ አማርኛን ራሱ ፈልጎ ማውጣት ይኖርበታል፤ አንድ ጊዜ ከመረጠ በኋላ ግን ማሰሻው ያስታውስለታል።

ማስታወሻን በመሣሪያ ላይ ማኖር የራሱ አደጋ እንዳለውም መዘንጋት የለበትም። አንድ ስልክ ለቤተሰብ፣ አንድ ኮምፒውተር ለኢንተርኔት ካፌ ደንበኞች ሁሉ በሚያገለግልበት ሁኔታ፣ የአንዱ ምርጫና ጊዜያዊ አካውንት ለተከታዩ ሰው ይተላለፋል። ጊዜያዊ አካውንቱን መዝጊያ መኖሩ ለዚህ የታሰበ መፍትሔ ሲሆን፣ ጥቅም የሚሰጠው ግን ተጠቃሚው በሚገባው ቋንቋና በሚታይ ቦታ ከተቀመጠ ብቻ ነው።

ለአማርኛ ጋዜጦች፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጽ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ትምህርት ተግባራዊ ነው። መፈለጊያ፣ የርዕሶች ማውጫ፣ የቆዩ እትሞች ዝርዝር፣ የፊደል መጠን ምርጫና ቋሚ አድራሻ ለማንኛውም ጎብኚ ክፍት መሆን አለባቸው፤ ምርጫዎች በማሰሻው ይቀመጡ፤ ምዝገባ የሚጠየቀው እንደ ማመልከቻ፣ ክፍያና የግል ፋይል ባሉ ማንነትን በእርግጥ በሚፈልጉ ሥራዎች ላይ ይሁን። ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ለሚዋስ ሰው መታወቂያ መጠየቁ ተገቢ ሲሆን በንባብ አዳራሹ ለሚቀመጥ ሰው ግን እንደማያስፈልገው ሁሉ፣ የድረ ገጽ ድንበርም በዚሁ ሚዛን ሊሰመር ይችላል። በኢትዮጵያ የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መረጃ ለታወቀ ዓላማና በሚያስፈልገው ልክ ብቻ እንዲሰበሰብ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ሳያስፈልግ ስልክ ቁጥርና ስም የሚሰበስብ የመግቢያ ገጽ የሕግ ጥያቄም ያስነሳል።

ውክፔዲያ የምስጢር ጥበቃን ከአባላቱ ቀጥሎ ለእንግዳው ለማዳረስ ሁለት ዓመት፣ ከተመሠረተ ጀምሮ ምቹ ገጽታን ለመስጠት ከሃያ ዓመት በላይ፣ አይፒ አድራሻውን ለመሰወር ደግሞ ከዚያም የበለጠ ጊዜ ወስዶበታል። ዛሬ አዲስ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ግን መንገዱ ተጠርጎ ስለሚጠብቀው ይህን ያህል መዘግየት አይገባውም። ሥራውን ሲጀምር ራሱን ሊጠይቀው የሚገባው፣ አካውንት ለሌለው ሰው ምን ይቀነስ ሳይሆን፣ ስሙን ሳይጠየቅ ሊያገኝ የማይችለው በእርግጥ የትኛው አገልግሎት ነው የሚለውን ነው። ጥያቄው በዚህ መልክ በተነሳ ቁጥር የተከለከለው ዝርዝር ያጥራል፤ ዕውቀትን ለሕዝብ ለማድረስ የተቋቋመ ድረ ገጽም ከዚህ ባነሰ መለኪያ ሊመዘን አይገባም።